ዐውደ ቀመር፦ የ532 አሠራር

በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። በአፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት፣ በ1485 ዓ.ም. የዋለውም ሚያዝያ 12 ነበር። በ2549 ዓ.ም. ደብረ ወርቅ ማርያም የሚቀድሱ ካህናትም፣ ቀመሩ ካልተነካ፣ ትንሣኤን የሚያከብሩት በዚሁ ቀን ነው። ከአንዱ እስከ ሌላው 532 ዓመት ነው፤ የባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር) ሊቃውንት ዐውደ ቀመር ይሉታል።

ቁጥሩ ሲፈታ 4፣ 7 እና 19 ይወጡታል፦ ዓመታት በተራ የሚሰየሙባቸው አራቱ ወንጌላውያን፣ ሰባቱ ዕለታት፣ አሥራ ዘጠኙ የአበቅቴ (የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት) ዓመታት። ከ1 በቀር ከሦስቱ ማናቸውንም ሁለት በጋራ የሚያካፍል ቁጥር ስለሌለ፣ ሦስቱም ከተነሡበት አብረው የሚደርሱት እርስ በርስ ተባዝተው ሲያልቁ ብቻ ነው።

መምህራኑ ወደ 532 የሚወጡት በደረጃ ነው። በ28 ዓመት ዕለትና ወንጌላዊ ይገናኛሉ። በ76 ዓመት፣ በዐውደ ማኅተም፣ አበቅቴና ወንጌላዊ ይገናኛሉ፤ ዕለቱ ግን አይገጥምም። 76 ዓመት 27,759 ቀን ነው፤ በ7 ሲገደፍ 4 ይተርፋል፤ እሑድ የነበረው ሐሙስ ላይ ያርፋል። ይህ 4 ሰባት ጊዜ ሲደጋገም 28 ይሆንና ያለ ቀሪ ይገደፋል። ስለዚህ 532 ዓመት 194,313 ቀን፣ ማለትም ልክ 27,759 ሳምንት ነው፤ የ76ቱ ዓመት የቀን ቁጥር የ532ቱ ዓመት የሳምንት ቁጥር ሆኖ መጣ።

የዙሩ ስፌት ያለው አበቅቴ ላይ ነው። አበቅቴ በየዓመቱ 11፣ የበዓላት ቀን የሚሰላበት መጥቅዕ 19 ይጨምራሉ፤ 30 ሲያልፉ 30 ይገደፋል። በ2017 አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29 ነበር፤ ድምራቸው ዘወትር 30 ነው። ወንበር፣ ማለትም በ19 ዓመቱ ዙር ያለፉት ዓመታት ቁጥር፣ 18 ሲደርስ አበቅቴም 18 ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት 11 ቢጨመር 29 ነበር፤ ባሕረ ሐሳብ ግን 12 ጨምሮ 30 ያስሞላና አልቦ አበቅቴ ይላል። በ19 ዓመት አንድ ጊዜ የምትጨመረው ይህች አንድ ቀን ዙሩን ትዘጋዋለች።

የ19 ምርጫም በዘፈቀደ አይደለም። ሮማውያን በአንድ ወቅት ፋሲካን በ84 ዓመት ዙር ያሰሉ ነበር። 84 በ4ም በ7ም ስለሚካፈል ዕለቱ ይገጥማል፤ ጨረቃዋ ግን በየዙሩ ከአንድ ቀን በላይ ታፈነግጣለች። በ19 ዓመት ግን 235 የጨረቃ ወራት ይገባሉ፤ የሚቀረው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ለዚህ ነው የአብነት ተማሪው የሰንጠረዥ መጽሐፍ መሸከም የማያስፈልገው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ይደምራል፣ በ19 ይገድፋል፣ ከቀሪው 1 ይቀንሳል፤ ወንበሩን ያገኛል። ቀሪው ማባዛትና መግደፍ ነው።