ግንቡ የባለሀብቱ፣ ውሃው የሕዝብ፣ የሰጠመውስ?

በአገራችን «የግል ግድብ» የሚባለው ነገር ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ተረት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 በኢትዮጵያ ያለ ውሃ ሁሉ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። መሬቱም በሕገ መንግሥቱ እንደዚያው ነው። እንግዲህ ባለሀብቱ ጅረት ገድቦ ውሃ ሲያቁር የእሱ የሚባለው አፈር ቆልሎ፣ ድንጋይ ደርድሮ የሠራው ግንብ ብቻ ነው ማለት ነው። ከግንቡ ጀርባ የተኛው ውሃ የእኔም፣ የእርስዎም፣ ልብሱን አውልቆ ዘሎ የሚገባው ልጅም ነው። ይህ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚያነበው የሕግ ተማሪ የፈተና ጥያቄ ይመስለው ይሆናል። ጋምቤላ ላይ ግን ሙቀቱ አርባ ዲግሪ ሲጠጋ ነገሩ ሌላ ነው።

ጋምቤላ ከተማን ያየ ሰው የሚያውቀው ነው። አመሻሽ ላይ ሕዝቡ ወደ ባሮ ይወርዳል። ይታጠባል፣ ይዋኛል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ወሬ ያወራል። ባሮ ደግሞ የዋህ ውሃ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. አንድ ወጣት አሜሪካዊ የሰላም ጓድ እዚያው ጋምቤላ ሲዋኝ አዞ በልቶታል፤ ወሬው በዓለም ዙሪያ ተጽፏል። ሆኖም የወንዙ ልጆች ከወንዙ ጋር ውል አላቸው። የት እንደሚገባ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ውሃው ሲደፈርስ ምን ማለት እንደሆነ ከአባት ከእናት ይማሩታል። አኝዋው ልጅ መራመድና መዋኘት ከሞላ ጎደል በአንድ ጊዜ ነው የሚጀምረው። የወንዝ ዕውቀት ሽማግሌ አለው።

ግድብ ሽማግሌ የለውም። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ትናንት ጉልበት የማይደርስ ጅረት የነበረው ዛሬ ሁለት ሦስት ሰው ቢቆም የሚውጥ ሆኖ ይገኛል። ፊቱ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይኸው ነው። ዳሩ ጭቃ ነው፤ የገባው እግር ሲወጣ ያዳልጠዋል። ከሥር የተተወ የዛፍ ጉቶና ቅርንጫፍ አለ። የመስኖው በር ሲከፈት ከላይ ምንም ሳይታይ ከታች ውሃው ወደ በሩ ይስባል፤ በሩን የሚከፍተው ሠራተኛ ደግሞ ማን እየዋኘ እንደሆነ አያይም። የረጋ ውሃ ቀንድ አውጣ ያራባል፣ ቀንድ አውጣው ብልሃርዚያ ያመጣል። በባሮ የሠለጠነ ዋናተኛ ይህን ሁሉ ከየት ይማረው? ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከደጋ መጥቶ በአቦቦ ዙሪያ፣ በቁጥር በተሰየሙት መንደሮች የሰፈረው ሰው ልጅማ ወንዙንም ላያውቀው ይችላል።

በክልሉ ትልቁ ግድብ አቦቦ አጠገብ ያለው አልዌሮ ነው። ደርግ በሶቭየት ባለሙያዎች እርዳታ ለጥጥ ልማት ያስጀመረው፣ ወደ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ፣ አሥር ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የታሰበ ነበር። ለብዙ ዓመት ግድቡ ቆሞ መሬቱ ጦም አደረ። ዓሣ አጥማጁ ግን አልቦዘነም፤ የታሰበው ጥጥ ባይመጣም ያልታሰበው ዓሣ መጣ። በ2003 ዓ.ም. ሳዑዲ ስታር አሥር ሺህ ሄክታር ተከራይቶ በዚሁ ውሃ ሩዝ ሊያለማ ተዋዋለ። በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. የታጠቁ ሰዎች በኩባንያው ሰፈር ላይ ጥቃት አድርሰው የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የዚያ ነገር ሥሩ ረጅም ነው፣ በአንድ ዓምድ አይነቀልም። እኔ ዛሬ የማነሳው የወረቀቱን ነገር ነው።

በዚያ ዘመን ግብርና ሚኒስቴር ከባለሀብቶች ጋር የተፈራረማቸውን የመሬት ኪራይ ውሎች ላነበበ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል። ተከራዩ መሠረተ ልማት የመሥራት መብት ተሰጥቶታል፤ ግድብ፣ የጉድጓድ ውሃ፣ መንገድ፣ ድልድይ ተብሎ ተዘርዝሯል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «በድርሰቱ ውስጥ ማን ይናገራል? ማንስ ጠፍቷል?» እል ነበር። ባነበብኳቸው ውሎች ውስጥ አከራይ ይናገራል፣ ተከራይ ይናገራል፣ ዛፍና አፈር እንኳ ይጠቀሳሉ። ከግድቡ በታች የሚኖረው መንደር ግን ገጸ ባሕርይ ሆኖ አልገባም። እሁድ ከሰዓት ሊዋኝ የሚመጣው ልጅማ ጭራሽ አልተወለደም።

አንድ ወዳጄ አለ፤ በክልሉ መጠነኛ እርሻ ያለው፣ ስሙን የማልጠራው ባለሀብት። ለሰሊጥና ለአትክልት ብሎ ትንሽ ጅረት ገድቧል። ከአልዌሮ ጋር ሲነጻጸር ኩሬ በለው። ባለፈው ስንገናኝ እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፣ እስቲ ይፍረዱኝ። ብከለክላቸው ውሃችንን ዘጋብን ይሉኛል። ባስገባቸው አንዱ የሰጠመ ቀን ገደለብን ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ብዙዎቹ ባለሀብቶች አጥር አጥረው ዘበኛ አቁመው ይገላገላሉ። ወይም ደግሞ «ሕዝቡ ነው የገባው፣ ራሱ ያውቃል» ብለው ይተኛሉ። ሕጉ ግን ሁለቱንም አያስተኛቸውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2069 ፈንጂ ያከማቸ፣ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር የዘረጋ፣ የመሬትን አቀማመጥ የለወጠ ሰው ከተለመደው የወጣ አደጋ ፈጥሮ ጉዳት ከደረሰ ኃላፊ ነው ይላል፤ ጥፋት ባይኖርበትም። ጅረት ገድቦ ሸለቆን ሐይቅ ማድረግ የመሬትን አቀማመጥ መለወጥ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ይህን ስነግረው ወዳጄ ፊቱ ጠቆረ። «እንዲህ ከሆነስ ዶማዬን ይዤ አፈርሰዋለሁ» አለ። እሱም ቢሆን ብልሃት ይጠይቃል፤ ውሃ የያዘ ግድብ በዶማ አይፈርስም።

ይልቅ ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ማስተንፈሻው የት ነው ብለው ሲጠይቁት «ውሃው ከሞላ በጎን በኩል መውጫ ያገኛል» አለኝ። መውጫ ያገኛል! የአፈር ግድብ የሚሞተው በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው፤ ውሃ በአናቱ ሲሻገርና በሆዱ ውስጥ ቀዳዳ ሲያገኝ። ጋምቤላ ደግሞ ምስጥ ያለባት አገር ናት። ምስጥ የቆፈረው፣ የዛፍ ሥር የሰነጠቀው ግንብ በበጋ ጤነኛ ይመስላል፤ የሚመረመረው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ያኔ ወንዞቹ ይገነፍላሉ። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ የካሩቱሪ ኩባንያ በሚሊዮኖች አውጥቶ ጎርፍ መከላከያ ክምር አፈር ሠርቶ ሳለ ውሃው ጥሶ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር በቆሎ በላበት። ያ ኩባንያ መሐንዲስ ነበረው። የእኔ ወዳጅ ያለው አንድ ትራክተርና የሾፌሩ ድፍረት ነው።

ወደ ጎረቤት ብንሻገር ደግሞ፣ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ምሽት በኬንያ ናኩሩ አውራጃ፣ ሶላይ በሚባል ቦታ አንድ የግል እርሻ ግድብ ከዝናብ በኋላ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰው ፈጅቷል፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ግድቡ ፈቃድ እንዳልነበረው የተነገረው ከአደጋው በኋላ ነው። ባለቤቱም፣ የመንግሥት ሹማምንትም ተከሰሱ። እስከዚያ ዕለት ግን ያ ግድብ በየቀኑ ለሁሉም ሰው ዓይን የሚታይ፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ነገር ነበር።

የእኛም አዋጅ የውሃ ሥራ ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ተመልሶ ሄዶ ግንቡን በእግሩ ረግጦ ያያል ወይ የሚለው ነው ጥያቄው። ፈቃድ ማለት ማኅተም ብቻ የሚመስላቸው ሞልተዋል። ግድብና ገደብ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት መሆናቸውን ለቢሮ ሰው ማስረዳት ሳይከብድ አይቀርም።

መዝጋት መፍትሔ አይመስለኝም። በዚያ ሙቀት ውሃ አይቶ አትግባ ማለት፣ ያውም በራሱ ውሃ፣ ጠብ መጥራት ነው። ከበሩና ከማስተንፈሻው የራቀ፣ ዳሩ ጠጠር የለበሰ አንድ ጥግ ለዋናተኛው ይለይ፤ በሩ ሲከፈት የሚነፋ ፊሽካ ይኑር፤ የመንደሩ ሽማግሎች ተጠርተው ከሥር ምን እንዳለ በዓይናቸው ይዩ፤ ውሃው በጎደለበት ወር ጉቶው ይነቀል። ይህ ሁሉ የአንድ ትራክተር ጎማ ዋጋ አያወጣም።

ወዳጄ ግን አስቀድሞ አንድ ሰሌዳ አቁሟል። «መዋኘት ክልክል ነው» ይላል፣ በቀይ ቀለም። ማን ከለከለ? ለምን? ስንት ይጠልቃል? አይናገርም። በአማርኛ ብቻ ነው የተጻፈው፤ የሚዋኙት ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ አፋቸውን የፈቱት በአኝዋ ቋንቋ ነው። «ይህ ለልጆቹ የተጻፈ አይደለም፣ ለዳኛው ነው» አልኩት። ሳቀ፤ አልካደም። እንደዚህ ብለህ አስጽፍ ብዬ በወረቀት ሰጠሁት፤ «እዚህ ጋ ውሃው ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። ፊሽካ ከሰማችሁ ውጡ፤ በሩ ሲከፈት ውሃው ከታች ይስባል። የምትዋኙበት ቦታ በዋርካው በኩል ነው።» በአኝዋም በኑዌርም እንዲያስተረጉመው ነገርኩት።

ወረቀቱን አገላብጦ አየውና፣ «ጋሼ፣ ሰሌዳ ጻፊው እኮ በፊደል ነው የሚያስከፍለው» አለኝ።