ስንት ቀን ይፈጃል?

ስልክ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ነው?» ብሎ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ ሀበሻም ይሁን ፈረንጅ፣ ጥያቄው አንድ ነው። እኔ ግን ቤቴን የሚሠራልኝ ሰው ብቀጥር መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ቀን ይፈጃል?» ብዬ ነው። «አንድ ሙሉ ክፍል በአንድ ቀን አስረክብሃለሁ» ካለኝ፣ አመስግኜ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።

ሥራዬ ድራይዎል ነው። እዚህ አሜሪካ ያለነው ሺትሮክ እንለዋለን፤ አዲስ አበባ ጂፕሰም ቦርድ ይባላል። ሺትሮክ እንኳ የአንድ ፋብሪካ የንግድ ስም ነው፤ አጠራሩ ተለምዶ የዕቃው ስም ሆኖ ቀረ። የዕቃው አባት የሚባለው ኦገስቲን ሳኬት ጂፕሰሙን በወረቀት መካከል አጋድሞ ሰሌዳ ሠራና እ.ኤ.አ. በ1894 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ከዚያ በፊት ቀጫጭን እንጨት ደርድሮ ልስን መለሰን፣ ከዚያም እስኪደርቅ ሳምንታት መጠበቅ ነበር። «ድራይ» የተባለው ከዚያ እርጥብ ልስን ሲነጻጸር ነው። ስሙ ደረቅ ይበል እንጂ፣ የእኔ ሥራ ዛሬም እርጥብ ነገር ቀብቶ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው።

ድንጋዩ ለእኔ እንግዳ አይደለም። የደጀን ልጅ ነኝ፤ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ በገደሉ ላይ ነጣ ነጣ ብሎ የሚታየው ጂፕሰም ነው። ከክብደቱ 21 በመቶ ያህሉ በውስጡ የታሰረ ውኃ መሆኑን ያወቅሁት ግን እዚህ አገር መጥቼ ነው። እሳት ሲነካው ያ ውኃ እንፋሎት እየሆነ ይወጣል፣ ውኃው ተንኖ እስኪያልቅም ሙቀቱ ወደ ማዶ ቶሎ አያልፍም። ከጋራዥ በላይ መኝታ ቤት ካላችሁ፣ የጋራዡ ኮርኒስ 5/8 ኢንች ውፍረት ያለው «ታይፕ ኤክስ» የሚባለው ሰሌዳ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው። ተራውን ግማሽ ኢንች አምጥቶ «ያው ነው» የሚላችሁን ሰው አትመኑት።

ሰሌዳውን መስቀሉ ፈጣን ነው። እዚህ አካባቢ ይህን ሥራ በአብዛኛው የያዙት ሳልቫዶራውያን ናቸው፤ እኔንም ያስተማረኝ አንድ ሳልቫዶራዊ ፎርማን ነው። ሁለት ሰው ሆነው 4 በ8 ጫማውን ሰሌዳ ኮርኒስ ላይ ገጥመው፣ ቪቴውን ጠጠጠጥ አድርገው ሲያስሩት አይን አያርፍም። ቤቱ በአንድ ቀን ቤት ይመስላል። ብዙ ደንበኛም «እንግዲህ አለቀ» የሚለው ያኔ ነው፤ ሥራው ግን ገና መጀመሩ ነው።

መጋጠሚያው የሚሸፈንበትን ነገር ፈረንጆቹ «ማድ» ይሉታል፤ ጭቃ ማለት ነው። ቃሉን መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ መጣ። አባቴ ቤታችንን ሲመርግ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት ያድር ነበር። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ማንም አይደነግጥም፤ ስንጥቁን ሁለተኛው ይደፍነዋል። ሳይደርቅ ሁለተኛ የመረገ ግን ሁለቱንም ያጣል። አሜሪካ መጥቼ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ባልዲው ፕላስቲክ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

የባልዲ ማድ የሚጠነክረው ውኃው ሲወጣ ነው፤ ውኃው ሲወጣ ደግሞ ይኮማተራል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይቀባል፦ መጀመሪያ ከወረቀት ቴፑ ጋር፣ ቀጥሎ መሙያው፣ መጨረሻ በሰፊ ቢላዋ ስስ አድርጎ መጎተት። በየመካከሉ አንድ ቀን ያህል ይጠበቃል፤ በሐምሌ እርጥበት ቤዝመንት ውስጥ ከሆነ ከዚያም በላይ። በከረጢት የሚመጣ ሌላ ዓይነትም አለ፤ በላዩ 20፣ 45፣ 90 የሚል ደቂቃ ተጽፎበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። ለትንሽ ቀዳዳ መልካም ነው። ሰፊ ግድግዳ ላይ ግን ስታሸው ያለቅሳል፤ የሚያለቅሰው ማለቴ የሚያሸው ሰው ነው።

ይህን የምለው ከጥፋቴ ተነስቼ ነው። ለብቻዬ መሥራት እንደ ጀመርኩ የአንዲት እናት ቤዝመንት ያዝኩ። ለኪራይ ነበር፤ «ልጄ፣ ወሩ ሳይገባ» አሉኝ። ፋንና ሂተር ደቅኜ በሁለት ቀን ሦስቱንም ቀባሁ። በመሃል አምፖል ሲታይ እንቁላል ይመስል ነበር። ከወር በኋላ ተከራዩ የቁም መብራት ግድግዳው ጥግ አቆመ፤ መጋጠሚያው ሁሉ እንደ ከሲታ በሬ ጎድን ተቆጠረ። ጠርተውኝ ሄድኩ። አልተቆጡኝም፤ ቡና አፍልተው ከቀዱልኝ በኋላ «ይኼ መስመር ድሮም ነበር እንዴ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በራሴ ወጪ ደግሜ ሠራሁት።

ግድግዳ የሚታየው በጎን በሚመጣ ብርሃን ነው። ፊት ለፊት የሚያበራ መብራት ውሸታም ነው። እዚህ አገር አጨራረሱ ከ0 እስከ 5 በደረጃ ይጠራል፤ ለተራ ቤት 4 ይበቃል፤ ትልቅ መስኮት በጎኑ ላለው ወይም የሚያብረቀርቅ ቀለም ለሚቀባ ግድግዳ ግን 5 ይሻላል፤ 5 ማለት መጋጠሚያው ብቻ ሳይሆን ገጹ በሙሉ ስስ ማድ ይለብሳል ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ውሉ ላይ አስጽፉ። የዋጋው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

ውል ስል፣ እኛ ዘንድ ነገሩ ያሳፍራል። በቤተ ክርስቲያን ወይም በእድር የተገናኘ ሰው ወረቀት ሲያወጣ «እንዴ፣ አታምነኝም?» ይባላል። እኔ ምሳውን በደስታ እበላለሁ፤ ከምሳ በኋላ «በል እንግዲህ ቀንስልኝ» ሲባልም እስቃለሁ፤ ግን ሳልፈራረም ቢላዋ አላነሳም። ሜሪላንድ ከሆናችሁ የኮንትራክተሩን የቤት እድሳት ላይሰንስ ቁጥር ጠይቁና በመንግሥቱ መዝገብ ላይ ራሳችሁ እዩት። ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ በላይ ቅድሚያ መቀበል ሕጉ አይፈቅድለትም። ግማሹን በካሽ አምጡ የሚላችሁ ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ እናንተ እንደማታውቁት ገምቷል። ቤዝመንት የምታስጨርሱ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ ሽቦውንና ቧንቧውን ግድግዳው ሳይዘጋ ተቆጣጣሪው ማየት አለበት። ከተዘጋ በኋላ ከመጣ፣ የእኔን ሥራ ነው የሚያስፈርሰው።

ጥገና ሲሆን ሰውየውን በሚጠይቃችሁ ጥያቄ መዝኑት። ኮርኒስ ላይ ቡናማ እድፍ አይቶ «ውኃው ከየት ነው የመጣው?» ካላለ፣ እድፉን ቀለም አልብሶላችሁ ይሄዳል፤ ሻጋታው ከጀርባ ያድጋል። ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ሆኖ ዕድሜውን ሳይጠይቅ ብርጭቆ ወረቀት ካነሳም አስቁሙት፤ የድሮው ቀለም እርሳስ የሚባለው ብረት፣ የድሮው ማድም አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራውን የምትተነፍሱት እናንተና ልጆቻችሁ ናችሁ። ቤዝመንት ውስጥ ሰሌዳውን ከሲሚንቶው ወለል ጋር ካጣበቀውም እንደዚያው። ግማሽ ኢንች ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ ክፍተቱን ዞኮሎ ይሸፍነዋል፤ ካልሆነ ወረቀቱ እርጥበቱን እንደ ክር ወደ ላይ ይስበዋል።

ባለፈው ሳምንት ዊተን ውስጥ አንድ ሳሎን ላስረክብ ስል፣ እንደ ልማዴ የጣሪያውን መብራት አጥፍቼ የስልኬን ባትሪ ከግድግዳው ጋር አስጠግቼ ለባለቤቷ ሰጠኋት። «አንቺው ፈልጊ» አልኳት። ከመስኮቱ ሥር አንድ፣ በሩ አጠገብ ሁለት አገኘች። በእርሳስ ከበብናቸው። የቀረውን ክፍያ ልትሰጠኝ ቦርሳዋን ስትከፍት ነገ ይሁን አልኳት። ሦስቱንም ነካ ነካ አደረግሁና፣ ባልዲዬን ከድኜ፣ ስላልደረቁ ወደ ቤቴ ሄድኩ።