መቀሱ ርካሽ ነው፤ በረቱስ?

ስለ ክሪስፐር በሚጻፉ ማብራሪያዎች ውስጥ የማይጠፋ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ቴክኖሎጂው ርካሽና ቀላል ስለሆነ ማንኛውም አገር ሊጠቀምበት ይችላል።» ለባክቴሪያ ከሆነ አባባሉ ከእውነት ብዙ አይርቅም። ለላምና ለዶሮ ሲሆን ግን ያሳስታል። ዘረመልን የሚቆርጠው ሞለኪውላዊ መቀስ ከጠቅላላው ሥራ ርካሹ ክፍል ነው። ውዱ ነገር በዙሪያው ያለው ነው፤ በረቱ፣ የሰለጠነው እጅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍተሻው።

እስቲ አንድ ጥጃ ለማግኘት የሚያስፈልገውን እንቁጠር። ከላም እንቁላል መሰብሰብ፣ በላብራቶሪ ማዳቀል፣ በማይክሮስኮፕ ሥር በቀጭን መርፌ መውጋት፣ ፅንሱን በትክክለኛው ቀን ወደ ተቀባይ ላም ማስተላለፍ፣ ከዚያ ዘጠኝ ወር መጠበቅ። የተወለደው ጥጃ ለውጡን በአንዳንድ ሴሎቹ ብቻ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ያኔ ለልጆቹ ማስተላለፉን ለማወቅ ተጨማሪ ዓመታት ይፈጃል። ዶሮ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላት። እንቁላሉ በተጣለበት ሰዓት ፅንሱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች ስላሉት በአንድ መርፌ የሚጨረስ ነገር የለም።

ሌላው መንገድ መጀመሪያ ሴሉን ለውጦ ከዚያ በክሎኒንግ እንስሳ ማስወለድ ነው። በስኮትላንድ ያለው የሮዝሊን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1996 ዶሊን በክሎኒንግ ሲያስወልድ በ277 ሙከራ 29 ፅንሶች ተገኙ፤ ወደ 13 በጎች ተላልፈው የተወለደችው አንዲት ጠቦት ናት። ዘዴው ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ ግን አሁንም ብዙ እንስሳትና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ፍተሻው ሊጎድል ይችላል። ሪኮምቢኔቲክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቀንድ የማያበቅሉ የወተት ዝርያ ኮርማዎችን በዘረመል አርትዖት አስገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ተወለዱ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ጥጆች ቀንዳቸው ሲቃጠል ከሚደርስባቸው ስቃይ ይድናሉ። ኮርማዎቹም ከተፈለገው ለውጥ በቀር ሌላ ነገር የሌለባቸው ተደርገው ተወሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ባለሙያዎች የአንዱን ኮርማ የዘረመል መረጃ ሲመረምሩ፣ ለውጡን ወደ ሴሉ ያስገባው የባክቴሪያ ዲኤንኤ እዚያው ተሰክቶ መቅረቱን አገኙ። አንቲባዮቲክ የሚቋቋሙ ዘረመሎችም አብረውት ነበሩ። ኩባንያው ይህን ያላየው ስላልፈለገው ነው። ምህንድስና የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ የሠራኸውን የምትለካበት ነገር ከሌለህ ሥራው አላለቀም።

በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመውን የሮዝሊንና የአጋሮቹን የዶሮ ጥናት እንይ። የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ለመራባት የሚጠቀምበትን ኤኤንፒ32ኤ የተባለ ዘረመል ለወጡ። በአነስተኛ መጠን ለቫይረሱ ከተጋለጡት 10 ዶሮዎች 9ኙ አልተያዙም። እዚህ ላይ ቆሞ ማጨብጨብ ይቻል ነበር። እነሱ ግን መጠኑን እጅግ ከፍ አድርገው ደግመው ሞከሩ። ግማሾቹ ተያዙ፤ ቫይረሱም ተለውጦ በሌሎች ተመሳሳይ ዘረመሎች መጠቀም እንደጀመረ ታየ። ይህን ያወቁት በመቀሱ አይደለም። ቫይረስ የማያሾልክ ዝግ ቤት፣ የቫይረስ ባለሙያ፣ የእንስሳት ሐኪምና የራሱን ሥራ ለመጣል የሚሞክር ቡድን ስለነበራቸው ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በናይሮቢና በአዲስ አበባ ካምፓስ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በኬንያ ቱማይኒ የተባለ የቦረን ወይፈን በክሎኒንግ አስወልዷል። የታሰበው ግብ ገንዲን የሚቋቋም ከብት ነው፤ ገንዲ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ቆላዎቻችን የእርሻ በሬ የሚጨርስ በሽታ ነው። ቱማይኒ ራሱ ግን ዘረመሉ አልተለወጠም፤ መጀመሪያ የተሞከረው መንገዱ ነው። ቅደም ተከተል ማለት ይህ ነው።

እኛ ዘንድ ላሟ ኮርማ ስትፈልግ ገበሬው አዳቃይ ባለሙያ ጠርቶ «ፈሳሽ ናይትሮጂን አልቋል» የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው። የጥጃው አባት የቱ ኮርማ እንደሆነ የሚናገር መዝገብም ብዙ ቦታ የለም። በዚህ ላይ የክሪስፐር ላብራቶሪ ቢገነባ ማሽኑ ይኖራል፣ እንስሳው አይኖርም። ይህን ስል አንሞክረው ማለቴ አይደለም። ናይትሮጂኑ፣ መዝገቡና ፅንስ የማስተላለፍ ሙያው ዘረመል ባይነካም እንኳ ለወተትና ለዝርያ ማሻሻያ ስለሚጠቅሙ ገንዘቡ ከነሱ ቢጀምር አይባክንም።

ስለዚህ የሚቀጥለው ፕሮጀክት ለድጋፍ ሲቀርብ ከመሣሪያው ዝርዝር በፊት ሦስት ጥያቄ ይመለስ። የተወለዱት እንስሳት የፕሮጀክቱ ገንዘብ ካለቀ በኋላ ማን ይቀልባቸዋል? ሙሉ የዘረመል ንባባቸውን ከአምራቹ ውጭ ማን ይፈትሻል? ችግር ከተገኘስ፣ ውጤቱን የማሳተም ግዴታው የማን ነው?