ከአዲሎ የወጣው ጆንያ፤ ስለ ምግብ ምርት ዱካ አመዘጋገብ የቀረበ ሂስ

አንድ የምግብ ምርት ከየትኛው ማሳ እንደ ተነሣ፣ በማን እጅ እንዳለፈና የት እንደ ደረሰ በመዝገብ ለመከታተል የሚደረገው ጥረት በአገራችን ብዙ ወዳጆች አግኝቷል። በየስብሰባው የሚነገረው ተስፋም ታላቅ ነው። መረጃው አንድ ጊዜ ዳታቤዝ ውስጥ ከገባ ኮምፒዩተሩ አገላብጦና አመሳክሮ ከሲኒው ቡና ተነሥቶ እስከ ገበሬው ደጃፍ ያደርሰናል ይባላል። እኛም ይህን ተስፋ አንጠላውም። ነገር ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናሳይ የምንወደው መዝገቡ ዘግይቶ የሚጀምር መሆኑን፣ ዘግይቶ የጀመረ መዝገብም የቱንም ያህል ቢራቀቅ ቀድሞ የጠፋውን ዱካ መልሶ ሊያወጣ የማይችል መሆኑን ነው።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲሎ በከምባታ ምድር፣ ከሐላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። እንደ ሌሎቹ የመንገድ ዳር ገበያዎች ሁሉ፣ በሸክምና በአህያ የመጣው እህልና ቅመም ወደ መኪና የሚሸጋገረው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። ገበሬው ጥቂት ኪሎ በርበሬ ወይም ቡና ይዞ ይመጣል፤ ሰብሳቢው ይመዝናል፣ ገንዘቡን ይከፍላል፣ በትልቁ ጆንያ ውስጥ ይገለብጠዋል። በአልጋ ላይ በጥንቃቄ ያደረቀውና ባዶ መሬት ላይ ያሰጣው በዚያች ደቂቃ አንድ ይሆናሉ። ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት ቢፈለግ ጊዜው ያ ነበር። ጆንያው ከተሰፋ በኋላ ግን የመኪናው ሰሌዳ፣ የመጋዘኑ ቁጥርና የላኪው ስም ቢመዘገብ የሚመዘገበው የጆንያው ጉዞ እንጂ የምርቱ ትውልድ አይደለም።

የቡናን ነገር እንመልከት፤ በአገራችን ብዙ የተደከመበት እርሱ ነውና። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ጀመረ፣ ቡናም በዚያው ዓመት መጨረሻ ገባበት። ቡናው በየመጋዘኑ እየተመረመረና ደረጃ እየተሰጠው፣ ከመሰሉ ጋር ተደባልቆ ይሸጥ ጀመር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ሻጩ ገንዘቡን ሳይጉላላ እንዲያገኝ፣ ዋጋውም ለሁሉ በግልጥ እንዲታይ ነው። ሆኖም በወጣው የምደባ ሠንጠረዥ ውስጥ የከምባታና ጠምባሮ ቡና ከወላይታው ጋር ተጣምሮ «ሲዳማ ሲ» ተባለ። ሲዳማ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ራሱን የቻለ ክልል ነው፤ ከምባታ ከ2023 ወዲህ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ ወላይታ ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናቸው። እንግዲህ በአንዱ ክልል ስም የሌሎች ሁለት ክልሎች ቡና ተሸጧል ማለት ነው። ምደባው የጣዕም ነው እንጂ የአገር አይደለም የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ጥያቄአችን ግን የጣዕም ምደባ ስለ ምን የአገር ስም ይሸከማል የሚል ነው።

በ2015 እ.ኤ.አ. ምርት ገበያው ከአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ጋር ሆኖ በጆንያው ላይ መለያ የሚታሰርበትን ሥርዓት አስተዋወቀ። ይህ ሊመሰገን የሚገባው እርምጃ ነበር። ዱካው ከመጋዘኑ ወደ ኋላ ተመልሶ እስከ ቡና ማጠቢያውና እስከ መፈልፈያው ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ግን አላለፈም፤ ሊያልፍም አይችልም ነበር፣ የብዙ ገበሬ ቡና የተቀላቀለው ማጠቢያው ደጅ ሳይደርስ ነውና። ዩኒየኖች ከገበያው ውጭ በቀጥታ መላክ ስለ ተፈቀደላቸው የአባሎቻቸውን ስም ዝርዝር በመያዝ የተሻለ ዕድል ነበራቸው። የ2017ቱ የቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1051ም ለአቅራቢዎችና ለላኪዎች ተጨማሪ በር ከፈተ።

አሁን ወደ መዝገቡ ራሱ እንግባ፤ ብዙ ሰው ቴክኒክ ነው ብሎ የሚያልፈው፣ ለእኛ ግን የነገሩ ዋና ሥር የሚመስለን እዚህ አለና። የአገራችን ሰው የቤተሰብ መጠሪያ የለውም፤ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው። በከምባታና በሐድያ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ስም እጅግ የበዛ ስለሆነ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሦስቱም ስም የገጠመላቸው ሁለት ሰዎች ቢገኙ አያስደንቅም። ስሙ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት በአማርኛ ይጻፋል፤ ከምባትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ትምህርት ቤት የገባው ልጅ የአባቱን ስም በዚያ አጻጻፍ ይጽፋል፤ የላኪው ጸሐፊ ደግሞ እንደ እንግሊዝኛው ድምፅ ይጽፈዋል። «ዮሐንስ» ስንት ዓይነት ሆኖ እንደሚወጣ አንባቢው ራሱ ይሞክረው። የቦታውም ነገር እንዲሁ ነው። አዲሎ በአንዱ መዝገብ በአንድ ኤል፣ በሌላው በሁለት ኤል ይጻፋል፤ ሐላባ አንዴ በኤች ይጀምራል፣ አንዴ ያለ ኤች። ከ2023 በፊት የተሞላው ቅጽ ክልሉን «ደቡብ ብሔሮች» ይለዋል፣ የዛሬው ሌላ ይለዋል። ለኮምፒዩተሩ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ ሰው ካልነገረው በቀር አንድ መሆናቸውን አያውቅም።

የቀኑ ነገር ከዚህም ይብሳል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ነው። ጸሐፊው 22/4/2013 ብሎ ቢያስገባ ማሽኑ አፕሪል 22 ቀን 2013 መሆኑን ያለ አንዳች ጥርጥር ይቀበለዋል። ጥቅምት 30ን በ30/2 ቢያስገባ ግን እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ይመልሰዋል፤ ጳጕሜንም 13ኛ ወር የለም ብሎ ይመልሳታል። የተመለሰው ስሕተት ይታረማል፤ የሚያሳስበን በዝምታ የገባው ነው። ይህችን ቀን ለምሳሌ የመረጥናት ያለ ምክንያት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የተገኘ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል እንጂ ጥያቄው አልተነሣም። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንዲት ነጥብ በኬክሮስና በኬንትሮስ ከነጥብ በኋላ 6 አኃዝ ተቈጥሮ መስጠት በቂ ነው ይላል። ስድስተኛው አኃዝ መሬት ላይ ሲለካ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የማሳውን ቦታ ከስንዝር በጠበበ ልክ የሚያውቅ መዝገብ የባለ ማሳውን ስም ግን በአራት ዓይነት ይጽፋል፤ ከዚያ ማሳ የወጣው ቡና የትኛው ጆንያ እንደ ገባም አያውቅም።

ስለ ብሎክቼይን ብዙ አንናገርም። በ2018 እ.ኤ.አ. የያኔው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ካርዳኖን ከሚሠራው ኩባንያ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረም የቡና ዱካ ዋና ወሬ ነበር፤ በ2021 ወሬው ወደ 5 ሚሊዮን ተማሪዎች መዝገብ ዞረ። ብሎክቼይን የገባበት ነገር እንዳይፋቅ ይጠብቃል። የገባበት ውሸት ከሆነም ያንኑ ውሸት ያጸናል።

ከቡና ይልቅ የሚያስጨንቀን በርበሬ ነው። ሐላባና ማረቆ በበርበሬ የታወቁ ናቸው። በርበሬ በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች፣ ወይም ሚዛን እንዲያነሣ ውኃ ሲረጭበት፣ ሻጋታ ይበቅልበታል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው። አውሮፓ ለቅመም የወሰነችው ልክ በኪሎ ለቢ-1 5፣ ለጠቅላላው 10 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ የሚሄደውን በርበሬና ቅመም በጥብቅ ፍተሻ ዝርዝር ውስጥ አስገብታዋለች። መርዙ በጭነቱ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ ጥቂት የሻገተ ዛላ ሙሉ ጭነት ሊያስጥል ይችላል። ጭነቱ ሲመለስ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚያሳይ ነገር ስለሌለ ቅጣቱ በዋጋ ቅናሽ ሆኖ በሁሉም ገበሬ ላይ፣ በአልጋ ባደረቀውም ላይ፣ ይወርዳል። እንዲህ ከሆነ ሰው ስለ ምን አልጋ ይሠራል? ከአዲሎ ወጥቶ አዲስ አበባ መርካቶ ገብቶ ተፈጭቶ በየወጡ የሚገባውንስ በርበሬ የሚጠይቀው ማን ነው? ዱካ የሚፈለገው ለውጭው ጉበት ብቻ ሊሆን አይገባም።

የመረጃ ትንተና ጥቅም የለውም አላልንም። የአንድ ሰብሳቢ ግዢ ሸጡለት ከተባሉት ማሳዎች ምርት ከበለጠ ቀላል ሒሳብ ያጋልጠዋል። የግዢ ቀን እርጥበት ከዝናቡ ሳምንትና ከኋላው የላቦራቶሪ ውጤት ጋር ቢነጻጸር፣ የትኛው የማድረቅ ልማድ እንደሚጐዳ በሁለትና በሦስት መከር ይታወቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው ግን የመጀመሪያው ግዢ መስመር ነው። የሻጩ መለያ ቁጥር (የፋይዳ ቁጥር ያለው በእርሱ)፣ በአገሩ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን፣ ቀበሌ፣ ኪሎ፣ እርጥበት፤ ከዚያም ቁጥር የተሰጠው ትንሽ ጆንያ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ከሌላው ጋር ሳይገለበጥ። ጆንያው ደኅና ሆኖ ከተገኘ የዋጋው ብልጫ ለሻጩ የሚመለስበት መንገድም በዚያው መስመር ላይ አብሮ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ገበሬው ቁጥሩን የሚሰጥበት ምክንያት አይታየንም።

ይህ መስመር ደግሞ ከባዶ የሚፈጠር አይደለም። ብዙው ሰብሳቢ ቀብድ የሰጠውን ሰውና የተረከበውን ኪሎ የሚጽፍበት ደብተር አለው። ደብተሩን አውጣ ሲባል ግን ግብር ይጨመርብኛል ብሎ ይሠጋል፤ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። ስለዚህ በአዲሎ ገበያ ሙከራ ይደረግ ከተባለ፣ ከዳታቤዙ ግዢ በፊት መቈረጥ ያለበት ጉዳይ መዝገቡ በማን እጅ እንደሚቀመጥና ገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ሊያየው ይችል እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ነው።