ተጓዳኝ ክበባትና የተማሪው አመራር፤ በመዝገብ ያልገባው ክፍል

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የክበባት ሥራ ሲገመገም በመጀመሪያ የሚቀርበው አንድ ሰንጠረዥ ነው። የክበቡ ስም፣ የሰብሳቢው፣ የምክትሉና የጸሐፊው ስም፣ የተጠሪው መምህር ስም፣ የአባላት ብዛት በጾታ፣ የታቀደው ተግባርና የተከናወነበት ወር በየዓምዱ ተሞልቶ ይገኛል። ሰንጠረዡ ለቁጥጥር የሚመች መሆኑ አያከራክርም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ሰንጠረዡ ተማሪው መምራትን መማሩን ያሳያልን? የሚል ነው። በጸሐፊው አስተያየት አያሳይም፤ ከዚያም አልፎ መምራትን ከጓደኞቻቸው ቀድመው የተማሩትን ልጆች ከዝርዝሩ ውጭ ያስቀራቸዋል።

ለዚህ አባባል የወግዲን ሁኔታ መመልከት ይበቃል። ወረዳው በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በሰሜን መካነ ሰላም ከተማ ከምትገኝበት ከቦረና ጋር ይዋሰናል፤ በምዕራብ ደግሞ ዓባይ ከጎጃም ይለየዋል። ደጋው ወደ ዓባይ በረሃ በሚያዘቀዝቅበት በእንዲህ ያለ አገር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ሊኖር ስለማይችል፣ የሩቅ ቀበሌ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ወደ ከተማ ወጥቶ ቤት ይከራያል። ሦስትና አራት ሆነው በአንድ ክፍል ያድራሉ። ዓርብ ወይም ቅዳሜ ወደየቤተሰቡ ወርዶ፣ እሑድ እንጀራውን፣ ሽሮውንና በሶውን ተሸክሞ ዳገቱን መውጣት የሳምንቱ ሥርዓት ነው።

በዚያች የኪራይ ክፍል ውስጥ የሚደረገውን ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው የአመራር ትምህርት ምን እንደሆነ ይገለጥለታል። የኪራዩን ገንዘብ የሚሰበስብና ከአከራይዋ ጋር የሚነጋገር አንድ ልጅ አለ። ውኃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ፣ ወጥ የሚሠራው ማን እንደሆነ ተራ ይወጣል፤ ተራውን የዘለለ ይወቀሳል። የአንዱ ስንቅ ሐሙስ ላይ ሲያልቅ የሌላው ይከፈላል፤ ይህም በሚቀጥለው ሳምንት እንዴት እንደሚካካስ ስምምነት ይደረጋል። አንዱ ቢታመም ጤና ጣቢያ ይወሰድ ወይስ ለቤተሰቡ ይላክ ብሎ በሌሊት የሚወስነው ከመካከላቸው ታላቅ የሆነው ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ነው። ውሳኔው የተሳሳተ እንደሆነ ለታማሚው እናት መልስ የሚሰጠው ራሱ ነው።

ይህ ልጅ በክበቡ ሰንጠረዥ ላይ የለም። ስብሰባው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ ከተጠራ እርሱ በመንገድ ላይ ነው። (በወሎ ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሰዓት መሆኑም ስብሰባ ለሚጠራ ሰው ሊሰወር የሚገባው ነገር አይደለም።) ሰብሳቢ ሆኖ የሚመረጠው ቤቱ ለትምህርት ቤቱ የቀረበው የከተማው ልጅ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻም ምስክር ወረቀቱን የሚቀበለው እርሱ ነው። ከወንድሞቿ ወይም ከዘመዶቿ ጋር ተከራይታ የምትማረው ልጃገረድማ ሁኔታዋ ከዚህም የባሰ ነው። የምጣዱና የእንስራው ሥራ በእርሷ ላይ ስለሚወድቅ፣ ስለ ሴቶች እኩልነት የሚወያየው ክበብ ሲሰበሰብ እርሷ እሳት ታነዳለች።

ኃላፊነትን በትምህርት ውስጥ ማስተማር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ አስቀጻይ ሆኖ ታናናሾቹን ያስተምራል፤ ካልተማሩለት መምህሩ የሚጠይቁት እርሱን ነው። በወሎ የመስጊድ ትምህርትም ነባሩ ደረሳ አዲሱን ያስቀራል። በሁለቱም ቤት ማዕረግ የሚባለው አንድ ሥራ ለአንድ ልጅ መተዉና ስለዚያ ሥራ መጠየቁ ነው። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ስሙን ወርሰን ሥራውን የተውን ይመስላል።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ከቅርብ ታሪካችን መረዳት አያዳግትም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከዋል፤ በዚያው ዓመት የካቲት የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣም የገበሬ ማኅበራትን በማደራጀት ተካፍለዋል። በ1971 ዓ.ም. በተከፈተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥሯል፤ ዘመቻውም እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ለሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሽልማት በቅቷል። ዘመቻዎቹ ከላይ የታዘዙ ነበሩ፤ ለተማሪው የተሰጠው ሥራ ግን እውነተኛ ሥራ ነበር። ሆኖም የዚያ ትውልድ ወጣት በራሱ መወሰን ሲጀምር ምን እንደደረሰበት ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ወዲህ በመጡት ዓመታት በየትኛውም መንግሥት ሥር ቢሆን የትምህርት ቤት አስተዳደር በራሱ የሚወስንን ተማሪ በስጋት መመልከቱ አልቀረም ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህም የተነሣ ክበቡ ተማሪው የሚወስንበት ቦታ መሆኑ ቀርቶ መልእክት የሚተላለፍበት ቦታ ሆነ። የፀረ ኤድስ ክበብ፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፣ የቀይ መስቀል ክበብ፣ የፀረ ሙስና ክበብ፤ ዓላማቸው ሁሉ የተቀደሰ ነው፤ ይሁንና አብዛኞቹ ሲመሠረቱ የሚናገሩት ነገር አስቀድሞ ተወስኖላቸዋል። ሚኒ ሚዲያ የሚባለው እንኳ ጽሑፉ በመምህር ታርሞ ካለፈ በኋላ ተማሪው ድምፁን ብቻ ያበድራል። አንድ ለአምስት በተባለው አደረጃጀትም መሪው በፈተና ውጤቱ ተለይቶ የተመደበ እንጂ በጓደኞቹ የተመረጠ አልነበረም። የተሻለ ማርክ ያለውን መሪ ማለት የክፍሉን ደረጃ በሌላ ስም መድገም ነው።

በሌላ ወገን፣ ወደ ውጭ አገር ኮሌጆች የሚያመለክቱ ተማሪዎቻችን ስለ ተጓዳኝ ተሳትፏቸውና ስለ አመራር ልምዳቸው ሲጠየቁ የሰንጠረዡን ቋንቋ ይዘው ይቀርባሉ፤ የክበብ ፕሬዚዳንት፣ የተማሪዎች ፓርላማ አፈ ጉባኤ እያሉ ማዕረግ ይደረድራሉ። የሚያስገርመው ግን በአሜሪካ ከ1,000 በላይ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ፣ ተማሪው እስከ 10 ተግባራት እንዲዘረዝር ሲፈቅድ፣ የቤተሰብ ኃላፊነትን ራሱን እንደቻለ አንድ ዓይነት ተግባር መቁጠሩ ነው። የሐርቫርድ የትምህርት ፋኩልቲ አንድ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርትም ታናናሾቹን የሚያሳድግ ወይም ቤተሰቡን ለመርዳት የሚሠራ ወጣት አስተዋጽኦው እንዲታወቅለት አሳስቧል። ባዕድ ቅጽ ቦታ የሰጠውን የወግዲ ልጅ የገዛ ትምህርት ቤቱ ቅጽ አለማየቱ አሳሳቢ ነው።

የዕቅድ ባለሙያዎች በዚህ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ ሆነው ሳለ፣ ስለ ክበብ ማውራት ቅንጦት አይደለምን? ይላሉ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸው ሲታሰብ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ዳሩ ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጽሐፉን ይዞ ጓደኞቹን የሚሰበስብ፣ የጥናት ሰዓት የሚያወጣና ታናሹን የሚያስጠና ተማሪ ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርገው ልጅ ቀድሞ አንድ ነገር ተትቶለት የመራ እንጂ በሰንጠረዥ ላይ ስሙ የሰፈረ ሊሆን አይችልም። ውጤት ዝቅ ያለበትን ምክንያት ሁሉ በክበብ እናቃናለን ማለት ሞኝነት ነው፤ የክበቡ ሰዓት ካለ ግን ባዶ ሆኖ ማለፍ የለበትም።

እንግዲህ ሰንጠረዡ ይለወጥ ዘንድ ይገባል። «የተከናወነ ተግባር» በሚለው ዓምድ ምትክ «ለተማሪዎች የተተወ ውሳኔ» የሚል ቢገባ፣ ብዙ ክበባት የሚጽፉት ነገር ያጡ ይሆናል፤ ያም ራሱ ጥሩ ግምገማ ነው። ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ጥቂት ብር ለክበቡ ተሰጥቶ ተማሪዎቹ ራሳቸው ወስነው ቢያወጡትና በግልጽ ቢያወራርዱት፣ ገንዘቡ ያለአግባብ ቢወጣ እንኳ ከአንድ ሴሚስተር ገለጻ የበለጠ ያስተምራል። የክፍል ኃላፊው መምህር ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች አንድ ጊዜ ቤታቸው ሄዶ ቢጎበኝ የሚያየው ብዙ ነው። ነገር ግን ያየውን ወዲያው ወደ ሌላ ቅጽ እንዳይለውጠው እናስጠነቅቃለን፤ የልጆቹ ድህነት የሪፖርት ጌጥ ሊሆን አይገባም።

ለተጠሪው መምህርም የሚነሳ ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ ክበብ የሚሰጠው የክፍለ ጊዜ ጫናው ሳይቀነስለት፣ እንዴት እንደሚመራም ሳይሠለጥን ነው፤ ስለዚህ ዕቅዱን ራሱ ጽፎ ራሱ ማስፈጸሙ አያስወቅሰውም። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የተግባር ልምምድ ጊዜ እጩ መምህሩ ቢያንስ አንድ ስብሰባ ዝም ብሎ ከኋላ ተቀምጦ እንዲከታተል ቢደረግ፣ ዝም ማለት ከማስተማር የከበደ መሆኑን በዚያው ይማር ነበር።

የስብሰባውን ቀን ወደ ረቡዕ ማዛወር ግን በጀትም ሥልጠናም አይጠይቅም። ረቡዕ የሩቅ ቀበሌ ልጆችም በከተማ ውስጥ ናቸው።