ታሪክ የማይነግር አረንጓዴ

ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1966 የሠራው የዘይት ቀለም ሥዕል «አረንጓዴ አብስትራክት» ይባላል። ከሦስት ዓመት በፊት «ጎልጎታ»ን ሲሥል፣ ተመልካቹ ሥዕሉን ሳያይ ገና ከርእሱ ታሪኩን ያውቅ ነበር። እዚህ ግን ርእሱ ከቀለሙ ስም ሌላ የሚነግረን ነገር የለም።

ይህ ዝምታ በቢቸናና በሞጣ ላደገ ዓይን ቀላል ፈተና አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ሥዕል ማለት ከሁሉ አስቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ በቅዱሱ ራስ አጠገብ ስሙ ይጻፋል፣ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍም ድርጊቱን ያስረዳል። የቢቸናው ተወላጅ ቄስ አዳሙ ተስፋው ከዚሁ ትምህርት ተነሥተው፣ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም ታሪክ ነጋሪነቱን አልተዉም። እንዲህ ያለውን ሥዕል የለመደ ሰው በአረንጓዴው ፊት ቆሞ «ምንድን ነው?» ቢል፣ ጥያቄው መልስ የሚገባው ነው።

ቶሎ የሚመጣው መልስ «የክረምት ልምላሜ ነው» የሚል ነው። የጮቄን ግርጌ በነሐሴ ያየ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ይህ መልስ ሠዓሊው ሆን ብሎ የተወውን መልክዓ ምድር መልሶ ያስገባበታል። (ሰንደቅ ዓላማ ነው ማለትም የባሰ ነው።)

የተሻለው መልስ ከዚያው ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይገኛል። በጎንደር ዘመን አሣሣል ከቅዱሳኑ ጀርባ ሰማይም ምድርም ያልሆነ ቀይ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መደብ ተዘርግቶ ይታያል። «ይህ ቢጫ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም፤ ቦታውን የሚፈጥረው ቀለሙ ራሱ ነውና። የገብረ ክርስቶስ አባት አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጃቸው በጀርመን አገር፣ በኮሎኝ ከተማ ተምሮ ሲመለስ፣ ከሰው ጀርባ የኖረውን መደብ ወደ ፊት አመጣው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም።

እውነተኛው ችግር ሌላ ነው። ታሪክ ያለው ሥዕል በመጥፎ ሕትመት እንኳ ታሪኩን አያጣም፤ በአንድ ቀለም የቆመ ሥዕል ግን ቀለሙ ከተበላሸ ሁሉን ነገር ያጣል። በስሙ የተሰየመው ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው በአዲስ አበባ ነው፤ ከሞጣ ሩቅ ነው። ስለዚህ የሞጣ መምህር የደበዘዘ ሕትመት ከሚያሳይ ይልቅ፣ ተማሪዎቹን ሰማያዊና ቢጫ ያስደባልቃቸው፤ ከአንድ ብልቃጥ ስንት ዓይነት አረንጓዴ እንደሚወጣ በእጃቸው ይቍጠሩት።