ጥም የሚያወጣው ቀለም

በጅቡቲ ከተማ በቡላኦስ፣ ከአምቡሊ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ ከድሬዳዋ የመጡ አንዲት እናት ግቢ አለ። የአበባ አመራረጣቸውን ሙያ ብዬ ስጠራው ከልቤ ነው። ጅቡቲ ከተማ የዓመቱ ዝናቧ 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አቧራ ተሸክሞ ይመጣል፤ የባሕሩም አየር ጨው አለበት። እዚህ የደጋ ጽጌረዳ ለማጽደቅ የሚታገል ሰው ውሃውንም ተስፋውንም ይጨርሳል። እኚህ እናት የሰበሰቡት ግን ሲጠማ ቀለሙ የሚወጣውን ተክል ነው።

የግቢው ንግሥት ቡገንቪላ ናት። በኖራ በተቀባው ግንብ ላይ የሚንቦገቦገው ሐምራዊ ነገር ቀለም የገባው ቅጠል ነው፤ እውነተኛዎቹ አበቦች በመሃሉ ያሉት ቀጫጭን ነጣ ያሉ ቱቦዎች ናቸው። ቅጠል በመሆኑ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ሳይጠወልግ ለሳምንታት ይቆያል። ሥሩ ተጨናንቆ፣ አፈሩም ደረቅ ሲል ያብባል፤ ውሃና ፍግ ከበዛለት አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ይንሰራፋል። ሥሩ ስስ ስለሆነ ሲያዛውሩት ይበጣጠሳል። ስለዚህ የነበረበትን የዘይት ጣሳ ታች ብቻ ቆርጠው ከነጣሳው ቀብረውታል፤ ሥሩ አልተነካም፣ ዙሪያውም እንደተያዘ ነው። ቀረብ ብዬ የተገረዘበትን ቦታ አየሁ፤ እያንዳንዱ ከአንጓው በላይ በአንድ ምት የተቆረጠ ነው። ቡገንቪላ የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነውና ያ አቆራረጥ የሚቀጥለውን ዙር አበባ ቦታ ይወስናል። ከሐዳጋላ የሚመጣው የኢትዮጵያ የቧንቧ ውሃ በ2017 እ.ኤ.አ. ከተማዋ ከገባ ወዲህም ለዚህች ተክል የሚሰጡትን ልክ አልጨመሩላትም።

ከሥሯ ፖርቱላካ ዘርተዋል፤ ወፍራም ቅጠሉ ውሃ የሚያጠራቅም፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ። ከላይና ከታች ያሉት ቀለሞች እንዲህ የተስማሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም ቀይ ሥርን የሚያቀላው ቤታላይን የተባለው የቀለም ወገን አላቸው። እናትየዋ ይህን ያገኙት በዓይናቸው ነው፤ ብርቱካናማውን ዘር ለይተው ወደ ሌላ ጥግ ወስደውታል፤ ሐምራዊውን እንዳይሻማ።

በመደዳው ጫፍ አዴኒየም ቆሟል፣ የበረሃ ጽጌረዳ የሚሉት፤ በዚሁ በአፍሪካ ቀንድና ማዶ በየመን በዱር የሚበቅል። ከጠጠር ጋር በተቀላቀለ አሸዋ ላይ ውሃ የቋጠረውን ያበጠ ግንዱን ከአፈሩ ከፍ አድርገው ተክለውታል፤ አይበሰብስም፣ ቅርጹም ይታያል። የአበባው ጉሮሮ ነጣ ያለ ነው፤ ወደ ጠርዙ ሲሄድ ሮዝነቱ ይጠነክራል። ወተቱ በጥንት ጊዜ ቀስት የሚመረዝበት ስለነበረ ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ አኑረውታል።

የድሬዳዋ ዛፍ የምንለውን፣ በአበባው የሚቀላውን፣ አልተከሉም። ናፍቆታቸው እሱ እንደሆነ መገመት አይከብድም። ግን ጥላው ሰፊ፣ ሥሩም ግንብ የሚገፋ ነው፤ ግቢው አይችለውም። ለእኔ የምርጫቸው ትልቁ ክፍል ይህ መተው ነው።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም፦ በሩ አጠገብ ያለው ቀይ ሂቢስከስ። አበባው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልፋል፤ ከጎረቤቶቹም ሁሉ ይበልጥ ውሃ ይጠጣል፤ ነፋሱ ሲመታው የቅጠሉ ጠርዝ ይደርቃል። በእኔ ፍርድ ያ ቦታ ለሁለተኛ ቡገንቪላ ይገባ ነበር፤ ለነጩ ዓይነት።